የመርከቡ ዋጋና የሕፃኑ ዋጋ፤ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር የሕፃናት ማቆያ ታሪክ

የምህንድስና ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የድልድዩ ርዝመት፣ የግድቡ ከፍታ፣ የመርከቡ ክብደትና ሥራው የተጠናቀቀበት ቀን ነው። ሥራውን የፈጸሙት እጆች ከየት እንደ መጡ፣ ከእነዚያም መካከል የእናቶች የሆኑት በሥራ ላይ ሳሉ ልጆቻቸው የት እንደ ዋሉ የሚመዘግብ የምህንድስና ሰነድ ግን እጅግ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጉዳይ በመሐንዲሶች ዕቅድ ውስጥ በግልጽ የገባበትን አንድ የታሪክ ምዕራፍ ለሙያ ባልደረቦች ማስታወስና ከዚያ ወዲህ የሆነውን ተከትሎ ለሥራችን የሚበጀውን ትምህርት መመርመር ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። መዋዕለ ሕፃናት ብለን የለመድነው ዕድሜያቸው አራት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች ለትምህርት የሚያዘጋጀውን ተቋም ነው። እዚህ የምንነጋገርበት የሕፃናት ማቆያ ግን ከዚያ በታች ላሉት፣ ማለትም ገና ጡት ላልጣሉት ጨቅላዎችና ድክ ድክ ለሚሉት ሕፃናት የሚሆነው ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ወደ ፊት እንደምናየው፣ በየአገሩ የወጡት ሥርዓቶች ብዙውን ጊዜ የተሰናከሉት በእነዚህ በትንንሾቹ ላይ ሲደርሱ ነው። የውጭ አገር ታሪኮች ዘመን የተሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

ከግርግም እስከ ፋብሪካ

በዘመናዊው ኢንዱስትሪ ውስጥ ለሚሠሩ እናቶች ልጆች የመጀመሪያው የታወቀ ማቆያ የተከፈተው በኖቬምበር 1844 በፓሪስ ከተማ ሻዮ በተባለው ሠፈር ነበር። መሥራቹ ፊርሜን ማርቦ የተባሉ የሕግ ሰው ናቸው። ተቋሙን ክሬሽ አሉት፤ ትርጓሜውም ግርግም ማለት ነው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ሠራተኛይቱ እናት ቀን ቀን ልጇን ንጹሕ ሥፍራ አስቀምጣ፣ በዕረፍት ሰዓቷ መጥታ አጥብታ፣ ማታ ይዛው ወደ ቤቷ እንድትመለስ ነው። ገንዘቡ የሚገኘው ከበጎ አድራጊዎችና እናቶቹ ከሚከፍሉት አነስተኛ ክፍያ ነበር።

ይህ አሠራር በአውሮፓም በአሜሪካም ተስፋፋ፤ ይሁን እንጂ ለረጅም ዘመን የበጎ አድራጎት ጠባዩን አልለቀቀም። ማቆያው ለድኻይቱ የተሰጠ ምጽዋት እንጂ ለሥራው አስፈላጊ የሆነ መሣሪያ ተደርጎ አይቆጠርም ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በጉዳዩ ላይ ገንዘብ ማውጣት የጀመረው በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን በ1933 ሲሆን፣ ያን ጊዜም ዋናው ምክንያት ሥራ ያጡ መምህራንና ነርሶች ደመወዝ እንዲያገኙ ነበር። የእናቶች ሥራ ራሱ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ የተነሣው ከዚያ በኋላ በመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው።

መርከብና እናት

ሄንሪ ካይዘር ከጦርነቱ በፊት በመንገድና በግድብ ሥራ የታወቁ ተቋራጭ ነበሩ። በሁቨር፣ በቦነቪልና በግራንድ ኩሊ ግድቦች ግንባታ ተካፍለዋል። በመርከብ ሥራ ግን የቆየ ልምድ አልነበራቸውም። ምናልባትም ስለዚህ ይሆናል በመርከብ ሠሪዎች ዘንድ የተለመደውን ሥርዓት ለመለወጥ ያልፈሩት። የመርከቡን ክፍሎች በየብስ ላይ ለየብቻ አሰናድቶ፣ በታላላቅ ክሬኖች አንሥቶ በብየዳ ማገጣጠም የሥራቸው መለያ ሆነ። ሊበርቲ የተባለውን፣ 134 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን የጭነት መርከብ ሠርቶ ማስረከብ በመጀመሪያ ስምንት ወር ያህል ይፈጅ ነበር። አሠራሩ እየተሻሻለ ሲሄድ ጊዜው በአማካይ ወደ 42 ቀን ወረደ። በኖቬምበር 1942 በሪችመንድ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሮበርት ኢ. ፒሪ የተባለው መርከብ ቀበሌው ከተዘረጋበት እስከ ተንሳፈፈበት ድረስ የፈጀው 4 ቀን ከ15 ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር። በጦርነቱ ዘመን በመላው አሜሪካ የተሠሩት የሊበርቲ መርከቦች 2,710 ናቸው።

ይህን ያህል ሥራ የሚሠራ ወንድ አልተገኘም፤ ወንዶቹ ዘምተው ነበርና። በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ በፖርትላንድ ከተማ በነበሩት የካይዘር መርከብ መሥሪያዎች በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች በብየዳ፣ በኤሌክትሪክ ዝርጋታና በክሬን ሥራ ላይ ተሰማሩ። ከነዚህም ብዙዎቹ ከሩቅ የመጡ፣ አያት ወይም አክስት በአጠገባቸው የሌላቸው እናቶች ነበሩ። ልጅ ሲታመም ወይም ጠባቂዋ ጎረቤት ስትቀር እናቲቱ ከሥራ ትቀራለች። በመገጣጠም ሥራ ደግሞ አንዲት በያጅ ስትቀር የሚቆመው የእርሷ ሥራ ብቻ ሳይሆን ከኋላዋ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ነው። እናቶቹ በድንገት ከሥራ መቅረታቸውና ሥራ መልቀቃቸው የሥራ መሪዎቹን የሚያሳስብ የምርት ችግር ሆነ።

በዚያው ዘመን ፌዴራል መንግሥቱ ሌላ መንገድ ጀምሮ ነበር። በ1940 የወጣውና በአቅራቢው በቴክሳሱ የምክር ቤት አባል ስም የላንሃም ሕግ ተብሎ የታወቀው ሕግ የተጻፈው የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች በበዙባቸው ከተሞች ለቤቶች ሥራ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውኃ፣ የፍሳሽ መስመር፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ታከሉበት። በ1942 ደግሞ የሕፃናት ማቆያ ከእነዚህ የሕዝብ አገልግሎት ሥራዎች አንዱ ነው ተብሎ ተተረጎመ። ለመሐንዲስ ይህ አተረጓጎም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ማቆያው ከውኃ ቧንቧና ከመንገድ ጋር በአንድ መዝገብ ገባ ማለት ነውና። በጁላይ 1944 በዚህ ገንዘብ የሚተዳደሩት ማቆያዎች ከ3,000 በላይ ሲሆኑ፣ በአንድ ጊዜ የሚይዟቸው ልጆች ወደ 130,000 ይጠጉ ነበር። እናቶች የሚከፍሉት በቀን 50 ሣንቲም ያህል ነበር።

ይሁንና ይህ አኃዝ ከሚያስፈልጋቸው ልጆች ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነበር። ከዚህም በላይ ከሁለት ዓመት በታች ያሉት በአብዛኛው አልተካተቱም። የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለው የመንግሥት ቢሮ ጨቅላዎችን በቡድን መጠበቅ ተገቢ አይደለም፣ እናቶቻቸውም ወደ ሥራ ባይጠሩ ይሻላል የሚል አቋም ነበረው። ምክሩ በቅን ልቡና የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ደመወዝ የሚያስፈልጋት የጨቅላ እናት ምክሩን ሰምታ ቤቷ አልተቀመጠችም፤ ልጇን ባገኘችው ሰው እጅ ትታ ሄደች።

በመግቢያው በር ላይ የተሠራው ቤት

ካይዘርና የፖርትላንዱን ሥራ ይመሩ የነበሩት ልጃቸው ኤድጋር ካይዘር ችግሩን ለከተማው አልተዉትም። የፕሬዚደንቱ ባለቤት ወይዘሮ ኤሊኖር ሩዝቬልት ለሐሳቡ ድጋፍና ግፊት ካደረጉት መካከል ነበሩ። በኖቬምበር 1943፣ በእኛ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም.፣ ሁለት ማቆያዎች ተከፈቱ። አንዱ በስዋን አይላንድ፣ ሌላው በኦሪገን መርከብ መሥሪያ ነው። የሕንጻውን ወጪ የሸፈነው የመንግሥቱ የባሕር ንግድ ኮሚሽን ነበር።

በመጀመሪያ መታየት ያለበት የሥፍራው አመራረጥ ነው። ማቆያዎቹ የተሠሩት በመኖሪያ ሠፈር ወይም በከተማው መካከል ሳይሆን በመርከብ መሥሪያው መግቢያ በር አጠገብ ነበር። እናቲቱ ወደ ሥራ ስትገባ ልጇን አስገብታ፣ ስትወጣ ይዛው ትወጣለች፤ ለልጁ ብላ ሌላ አውቶቡስ መሳፈር አያስፈልጋትም። የመጓጓዣ መሐንዲሶች የጉዞ ሰንሰለት የሚሉት ነገር በአንድ የቦታ ምርጫ ብቻ አጠረ።

ንድፉን ያወጡት ዎልፍና ፊሊፕስ የተባሉ የፖርትላንድ አርክቴክቶች ናቸው። ሕንጻው የጋሪ መንኮራኩር ቅርፅ ነበረው። በመካከሉ ከመርከብ መሥሪያው ጫጫታና አደጋ የተከለለ ሰፊ የመጫወቻ አደባባይና ልጆች የሚንቦጫረቁበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ነበር። በዙሪያው አሥራ አምስት የመጫወቻ ክፍሎች ተደርድረዋል። የእጅ መታጠቢያውና መጸዳጃው በሕፃናቱ ቁመት ልክ ተሠራ። የገላ መታጠቢያው ገንዳ ግን ጠባቂዋ ቀኑን ሙሉ እንዳትጎነበስ ከፍ ተደርጎ ተተከለ። የልጁ ምቾትና የሠራተኛይቱ ወገብ በአንድ ንድፍ ላይ አብረው ታሰቡ።

ማቆያው በዓመት 364 ቀን፣ በሦስቱም የሥራ ፈረቃዎች ይሠራ ነበር። የሚቀበለው ከአሥራ ስምንት ወር እስከ ስድስት ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። በሕፃናት አስተዳደግ ትምህርት የታወቁት ዶክተር ሎይስ ሚክ ስቶልዝ በኃላፊነት መሩት፤ የዕለት ሥራውን ያካሄዱት ጄምስ ሃይምስ ነበሩ። ጠባቂዎቹ በሙያው የሠለጠኑ፣ ብዙዎቹም የኮሌጅ ምሩቃን ነበሩ። ነርስ ልጆቹን በየዕለቱ ትመረምራለች፤ ቀላል ሕመም ያለበት ልጅ ወደ ቤት ሳይመለስ ተለይቶ የሚተኛበት ክፍል ነበር። በሥነ ምግብ ባለሙያ የተዘጋጀ ትኩስ ምግብ ይቀርባል። እናትም ከፈለገች ለቤተሰቧ የተሰናዳ እራት ገዝታ ከልጇ ጋር ወደ ቤቷ ልትወስድ ትችላለች።

ክፍያው ለስድስት ቀን ለመጀመሪያው ልጅ 5 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ልጅ 3 ዶላር ከ75 ሣንቲም ነበር። በዚያ ዘመን በምዕራቡ ጠረፍ የሠለጠነ በያጅ በሰዓት 1 ዶላር ከ20 ሣንቲም ያህል ያገኝ ስለ ነበር፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሠራች እናት ለአንድ ልጅ የምትከፍለው ከደመወዟ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። እርግጥ ነው፣ ይህ ገንዘብ እውነተኛውን ወጪ አይሸፍንም። ቀሪውን ኩባንያው ከፈለ፤ ኩባንያው የከፈለውም መንግሥት ለመርከቡ በሚከፍለው ዋጋ ውስጥ ገባ። ከብረት ዝርግ፣ ከብየዳ ዘንግና ከክሬን ነዳጅ ጋር የሕፃኑ ወተትና የጠባቂዋ ደመወዝ የመርከቡ ዋጋ አካል ሆነው ተመዘገቡ። የታሪኩ እምብርት ይህ ነው። ማቆያው ልግስና መሆኑ ቀርቶ የምርት ወጪ ሆነ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ክፍሎች ባዶ ነበሩ። እናቶች ልጃቸውን ለማያውቁት ሰው ለመስጠት ፈሩ፤ የክፍያውም ነገር አሳሰባቸው። አመኔታው የመጣው ቀስ በቀስ፣ ልጆቹ ንጹሕና ጠግበው ሲመለሱ በማየት ነው። ማቆያዎቹ በ1945 ሲዘጉ በተጠናቀረው ሪፖርት መሠረት፣ በሁለቱ ሥፍራዎች በድምሩ 3,811 ልጆች ተስተናግደዋል። አገልግሎቱ በአንድ ልጅ የአንድ ቀን ውሎ ሲሰላ 249,268 ሲሆን፣ በዚህም ምክንያት ለመርከብ ሥራ የዋለው የእናቶች ጊዜ 1,931,827 ሰዓት ተብሎ ተቆጥሯል። አንዱ ለሌላው ሲካፈል አንድ ልጅ በማቆያው በዋለ ቁጥር ሰባት ሰዓት ከሦስት ሩብ ያህል የሥራ ጊዜ ተገኝቷል ማለት ነው።

ሰላም ያልተቀበለው ሒሳብ

ጦርነቱ ሲያበቃ የመርከብ ትእዛዝ ቆመ። የማቆያው ወጪ ከመርከቡ ዋጋ ጋር የተቆራኘ ስለ ነበር፣ መርከቡ ሲቀር ማቆያውም ቀረ። የላንሃም ሕግ ገንዘብም በፌብሩዋሪ 1946 መጨረሻ ተቋረጠ። እናቶቹ ግን ከሥራ ሁሉ አልወጡም፤ ብዙዎቹ ባሎቻቸው ያልተመለሱላቸው ነበሩ። በካሊፎርኒያ ወላጆችና መምህራን ተባብረው አቤቱታ በማቅረባቸው የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ማቆያዎቹን ተረክቦ በየጊዜው በሚታደስ በጀት ሲያስተዳድራቸው ቆይቶ፣ በ1957 ቋሚ እንዲሆኑ ወሰነ። በሌላው የአሜሪካ ክፍል አብዛኞቹ ተዘጉ። ከ70 ዓመት በኋላ ክሪስ ኸርብስት የተባሉ ተመራማሪ የላንሃምን ገንዘብ ያገኙትን አካባቢዎች አነጻጽረው ባወጡት ጥናት፣ የእናቶች በሥራ መሰማራት እንደ ጨመረና ልጆቹም አድገው በትምህርትና በሥራ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይተዋል። ሕንጻዎቹ ሲዘጉ ግን ይህን የሚመሰክር አኃዝ በማንም እጅ አልነበረም።

ሁለተኛው ዕድል የመጣው በ1971 ነው። ሴናተር ዋልተር ሞንዴልና የምክር ቤቱ አባል ጆን ብራደማስ ያቀረቡት የልጆች ዕድገት ሕግ ለመላው አገር የሚሆን፣ ክፍያው እንደየቤተሰቡ ገቢ የሚወሰን የማቆያ ሥርዓት እንዲቋቋም የሚያደርግ ነበር። ሕጉ በሁለቱም ምክር ቤቶች አለፈ፤ በሴኔቱ 63 ለ17 ድምፅ አግኝቶ ነበር። ፕሬዚደንት ኒክሰን ግን ሕጉ የልጆችን አስተዳደግ ከቤተሰብ ወደ ማኅበር ያዞራል በማለት በዲሴምበር 9 ቀን 1971 ሻሩት። ሽረቱን ለመገልበጥ በሴኔቱ የተሞከረው ሙከራም አስፈላጊውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሳያገኝ ቀረ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ብዙ ሰው በማይጠብቀው ሥፍራ፣ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ተከፈተ። ከ1973 ወዲህ አሜሪካ የግዴታ ውትድርናን ስትተው ሠራዊቱ ልጆች ባሏቸው በጎ ፈቃደኛ ወታደሮች ተሞላ። በጦር ሠፈሮቹ የነበሩት ማቆያዎች የእሳት አደጋና የጤና ጉድለት ያለባቸው፣ ጠባቂዎቻቸውም ቶሎ ቶሎ የሚለቁ መሆናቸው በ1982 በመንግሥቱ ዋና መርማሪ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ተገለጠ። በ1989 የወጣው የወታደራዊ ሕፃናት ጥበቃ ሕግ አራት ነገሮችን በአንድ ላይ አያያዘ። የጠባቂዎቹ ደመወዝ ከሥልጠናቸው ጋር እንዲያድግ፣ ቁጥጥሩ ያለማስጠንቀቂያ በዓመት አራት ጊዜ እንዲደረግ፣ የወላጆች ክፍያ በቤተሰብ ገቢ መጠን እንዲሆንና ቀሪው ከመንግሥት በጀት እንዲሸፈን። በእነዚህ ማቆያዎች ከተወለደ ስድስት ሳምንት የሆነው ጨቅላ ጭምር ቦታ ያገኛል። በ2000 ገደማ 95 በመቶ የሚሆኑት ወታደራዊ ማቆያዎች የሙያ ዕውቅና ሲያገኙ፣ ከሲቪሎቹ ያገኙት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያው አገር፣ ያው ዘመን ነው፤ የተለየው ደረጃውና ገንዘቡ በአንድ ሕግ መታሰራቸው ነው።

የእጅ ብዛት ስሌት

ጉዳዩ ይህን ያህል ጠቃሚ ከሆነ ለምን ለገበያው አይተውም የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ በስሌት የሚታይ ነው። በአሜሪካ የሙያው መመዘኛ አንዲት ጠባቂ ከአራት ጨቅላዎች በላይ እንዳትይዝ ያዛል፤ አራት ዓመት ለሞላቸው ልጆች ግን አንዷ ለአሥር ልትሆን ትችላለች። እንግዲህ የጨቅላው እናትና ጠባቂዋ እኩል ደመወዝ የሚያገኙ ቢሆኑ፣ እናቲቱ የደመወዟን አንድ አራተኛ ለጠባቂዋ ብቻ ትከፍላለች። ምግብ፣ ኪራይ፣ ውኃና ተተኪ ሠራተኛ ሲታከሉበት ሸክሙ ከሚቻለው በላይ ይሆናል። ሁለት ጨቅላ ያላትማ ለማን ብዬ ልሥራ ብትል አይፈረድባትም።

የመርከቡን ሥራ ከስምንት ወር ወደ 42 ቀን ያወረደው ዘዴ ለጨቅላው አይሆንም። መርከብ በየክፍሉ ተሠርቶ ይገጣጠማል፤ ሕፃን ግን አንድ በአንድ ታቅፎ ይጠባል፣ አንድ በአንድ ይታጠባል፣ አንድ በአንድ ይባባላል። የሥራው ብቃት ቢሻሻልም የእጁ ብዛት አይቀንስም። ስለዚህ ወጪውን ለመቀነስ የሚሞክር ሁሉ የሚገኘው ከሁለቱ አንዱን ሲያደርግ ነው፤ ወይ የጠባቂዋን ደመወዝ ይቆርጣል፣ ወይ በአንዲት ጠባቂ ዘንድ የልጆቹን ቁጥር ያበዛል። ሁለቱም የሚያርፉት ተናግሮ በማያስረዳው ሕፃን ላይ ነው።

ገንዘብ ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑን ደግሞ ከካናዳ እንማራለን። የኪዩቤክ ክፍለ ግዛት በ1997 በቀን በ5 ዶላር የሚገኝ ማቆያ አቋቁሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እስከ ጨቅላዎቹ አዳረሰው። የእናቶች በሥራ መሰማራት በግልጽ ጨመረ። ይሁን እንጂ ቦታው ከጠባቂዎች ሥልጠና ቀድሞ ስለ ተስፋፋ የማቆያዎቹ ደረጃ የተዘበራረቀ ሆነ፤ ቤከር፣ ግሩበርና ሚሊጋን የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ2008 ባሳተሙት ጥናት በልጆቹ ጠባይና ጤና ላይ ጉዳት የሚጠቁም ውጤት አግኝተዋል። በአንጻሩ በ1972 በኖርዝ ካሮላይና የተጀመረው አቤሴዴሪያን የተባለው ሙከራ፣ ከድኻ ቤተሰብ የተወለዱ ጨቅላዎችን በሚገባ በሠለጠኑ ጠባቂዎች እጅ እስከ አምስት ዓመት ድረስ አሳድጎ፣ ጎልማሶች ከሆኑም በኋላ በትምህርታቸው ብልጫ እንዳሳዩ አረጋግጧል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጥራት ልዩነት ነው።

ለመሐንዲስ በቀላሉ የሚገባ አንድ ምሳሌ ከዚያው ከስዋን አይላንድ አለ። ማቆያው ከመከፈቱ አሥር ወር ቀደም ብሎ፣ በጃንዋሪ 16 ቀን 1943፣ ስኬኔክታዲ የተባለው አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በወደቡ ረጋ ባለ ውኃ ላይ ቆሞ ሳለ አካሉ ለሁለት ተሰነጠቀ። በዚያ ዘመን በበየዱት መርከቦች ላይ የደረሱት ስብራቶች ሲመረመሩ የተገኘው ምክንያት በብርድ የሚሰባበር ብረት፣ የጎደለ ብየዳና ጫና የሚከማችበት የማዕዘን አሠራር ነበር። የሚሰነጠቀው ዝርጉ ሜዳ ሳይሆን መጋጠሚያውና ማዕዘኑ ነው። የቤተሰብና የሥራ ሥርዓትም እንዲሁ ነው። የወሊድ ፈቃድ አንድ ክፍል ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት ሌላ ክፍል ነው። ስንጥቁ የሚጀምረው በሁለቱ መካከል ነው።

በእኛ የሥራ ሥፍራ

ይህን መጋጠሚያ በአገራችን ሕግ ላይ ብንለካው ክፍተቱ ግልጽ ሆኖ ይታያል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሰጥቷል። ይህ ከቀድሞው የተሻለ ነው። ነገር ግን በዘጠና አንደኛው ቀን ሕፃኑ የሦስት ወር ልጅ ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት የሚገባው ደግሞ አራት ዓመት ሲጠጋ ነው። በመካከሉ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል አለ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት ሥፍራ እንዲያቋቁሙ መደንገጉ ይህን ክፍተት ለመድፈን የተደረገ እርምጃ ነበር። ግዴታው የተነገረው ግን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር።

የእኛ ሙያ የሚሠራበት ሥፍራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቢሮ አይደለም። ድንጋይና አሸዋ የምታመላልሰው፣ ሲሚንቶ የምታቦካው የቀን ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ሴት ናት። ልጇን በጀርባዋ አዝላ ስትሠራ ወይም ከሲሚንቶ ክምር አጠገብ በጥላ ሥር አስተኝታ በየጊዜው ዘወር እያለች ስትመለከተው ያላየ የግንባታ መሐንዲስ በመካከላችን ይኖራል ብሎ መገመት ያስቸግራል። የሠለጠነችውም ብትሆን ከዚህ ዕጣ አልወጣችም። ከእኛ ጋር የተመረቁ እኅቶቻችን ከመጀመሪያ ልጃቸው በኋላ ከመስክ ሥራ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮም ወደ ቤት ሲያፈገፍጉ አይተናል። ሞግዚት ቀጥራ የምትሠራውም ብትሆን፣ ያቺ ሞግዚት ራሷ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ ሥልጠናም ጠያቂም የሌላት ልጅ ናት።

እንግዲህ ከፖርትላንድ የምንወስደው የሕንጻውን መንኮራኩር ቅርፅ አይደለም። የምንወስደው የሒሳቡን አመዘጋገብ ነው። በግንባታ ውል ውስጥ የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሰነድ ሲዘጋጅ የተቋራጩ ጊዜያዊ ቢሮ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት፣ የዘበኛ ቤትና መጸዳጃ በጠቅላላ ወጪ ሥር በግልጽ ተጽፈው ዋጋ ይሰጣቸዋል። ማንም ስለ ዘበኛው ቤት ተቋራጩን ለጋስ ነህ ብሎ አያመሰግነውም፤ ያለ እርሱ ሥራው እንደማይካሄድ የታወቀ ነውና። የሕፃናት ማቆያ ክፍልና የሠለጠነች ጠባቂ ደመወዝ በዚያው ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር ቢያገኙ፣ በሕዝብ ገንዘብ በሚሠራ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ግድብ ላይ የሚከፈለው በሥራው ዋጋ ውስጥ ይሆናል፤ ተጫራቾችም ሁሉ እኩል ስለሚያስቡት ማንም በጨረታው አይጎዳም። ያልተጻፈ ከሆነ ግን ለሕፃኑ ያሰበው ተቋራጭ ዋጋው ከፍ ብሎ ይሸነፋል።

ይህ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ያው ታሪክ ያስጠነቅቀናል። በሥራው ዋጋ ውስጥ የተጻፈ ማቆያ ሥራው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ የፖርትላንዱ ማቆያ ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየም። ስለዚህ በግንባታ ሥፍራ የሚጀመረው ነገር በቋሚ ሕግና በቋሚ በጀት መደገፍ አለበት። የጠባቂዋ ሥልጠናና ደመወዝ፣ በአንዲት ጠባቂ እጅ የሚሰጡት ጨቅላዎች ቁጥር፣ ያለማስጠንቀቂያ የሚደረግ ቁጥጥር ከመጀመሪያው ቀን አብረው ሊደነገጉ ይገባል። ሕጉን ማውጣት የሌሎች ሥራ ነው። ንድፉን፣ የቦታውን ምርጫና የዋጋውን ዝርዝር ማዘጋጀት ግን የእኛ ነው።

ከዚህ የተነሣ ለማኅበራችን አባላት ሁለት ሐሳብ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ይታያል። አንደኛው፣ ለታላላቅም ለአነስተኛም የግንባታ ሥፍራዎች የሚሆን፣ በአገር ውስጥ ዕቃ የሚሠራ፣ ተነቅሎ ሊተከል የሚችል የማቆያ ክፍል ሞዴል ንድፍ በማኅበሩ አማካይነት ተዘጋጅቶ ለአባላት እንዲታደል ነው። አየርና ብርሃን ያለው፣ ንጹሕ ውኃ የሚደርሰው፣ ከክሬን ክልልና ከተሽከርካሪ መንገድ የራቀ፣ እናት በዕረፍት ሰዓቷ ደርሳ አጥብታ ለመመለስ ግን የሚቀርብ መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ ይኸው ክፍልና የጠባቂዋ ደመወዝ በሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሰነድ ውስጥ የሚገባበት አንቀጽ ተረቅቆ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እንዲቀርብ ነው። ሁለቱም ከሙያችን ውጭ የሆነ ዕውቀት አይጠይቁም፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችን በአጀንዳ ተይዘው ቢመከርባቸው ለሚቀጥለው ዓመት የጨረታ ሰነዶች ሊደርሱ ይችላሉ።